ስሙ ለማይጠራው የተቀመጠ ቅመም

ባለፈው ወር ጡረታ ወጣሁ። የሆስፒታሉ ወጥ ቤት ሠራተኞች ኬክ ቆርጠው፣ ካርድ ፈርመው ሸኙኝ። በመጨረሻው ቀኔ፣ አብራኝ የምትሠራው ትዕግሥት ከፋብሪካ የመጣ የቅመም ከረጢት በመቀስ እየቀደደች፣ «አስኩዬ፣ ይኼ ሳይመጣ በፊት ቅመሙን ማን ነበር ሚክስ የሚያደርገው?» አለችኝ።

«እኔ ነኛ፣ ሥጋ ቤት ሳለሁ።»

«የዶሮውን?»

«የአሳማውን።»

ሳቋ አላቆም አለ። አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አየችና እንደገና ሳቀች። እውነቷን ነው፣ ያስቃል። በሕይወቴ አንዲት ጉርሻ የአሳማ ሥጋ ቀምሼ አላውቅም፤ ነገር ግን በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ለንደን፣ ካሌዶኒያን ሮድ ላይ በነበረ አንድ ሥጋ ቤት ጓዳ ውስጥ ሰባት ዓመት ሙሉ የአሳማ ቅመም ስቀምም ኖሬአለሁ። ያልነገርኳት የሚቀጥለውን ነው። በዚያ ጓዳ ውስጥ፣ እግዚአብሔርን የፈራሁ መስሎኝ፣ የአንድ ሰው ድርሻ የሆነ ሁለት እፍኝ ቅመም ከለከልኩ። በዚህም ሰውዬው ሞት አፋፍ ደረሰ። ይህን የምጽፈው ስለዚያ ነው፤ የቀረው የሥራ ዘመኔ ለወሬም አይበቃ።

አዲስ አበባ ሳለሁ መድኃኒት ቤት ነበር የምሠራው። ዱቄት መመዘን፣ መቀላቀል፣ በወረቀት መጠቅለል፣ ስሙን ጽፎ መስጠት። ለንደን ስገባ የሙያ ወረቀቴን የሚያየው ጠፋና መጀመሪያ ሼፈርድስ ቡሽ አጠገብ ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጠፍኩ። አለቃዬ አንሶላ በተጨማደደ ቁጥር ጸሎት የተበላሸ ይመስል ፊቱን የሚያጠቁር ሰው ነበር። ከዚያ ሃክኒ ዳቦ ቤት ገባሁ፣ ዱቄቱ ደረቴን ሲያፍነኝ ተውኩት። ሁለት ወር ቤት ተቀምጬ ሳለ ጓደኛዬ ሮማን መጣች።

«ሥራ አግኝቼልሻለሁ። ሥጋ ቤት ነው። ሬንትሽን ይሸፍናል፤ ግን…»

«ግን ምን?»

«አሳማ ይበዛዋል።»

«ስሙን ቄስ ይጥራው!»

«ቄሱ ሬንትሽን አይከፍልልሽም። ነገ ሄደሽ ኢንተርቪው አድርጊ፣ ሙች!»

ሄድኩ። የሥጋ ቤቱ ባለቤት ሬይ ይባላል፤ ፊቱ ቀይ፣ ድምፁ ትልቅ፣ ቁጣው እንደ ክብሪት ቶሎ የሚጠፋ። መድኃኒት ትቀምሚ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ ስለው ወደ ጓዳ ወስዶ ከሚስስ ፔግ ጋር አስተዋወቀኝ። ሚስስ ፔግ ከሰባ ያለፉ፣ አጭር፣ ፀጉራቸው በረዶ የመሰለ ሴትዮ ናቸው። ከሬይ አባት ጊዜ ጀምሮ የቤቱን ቅመም የሚሠሩት እሳቸው ነበሩ። እንግሊዝኛ አንቱታ ባይኖረውም በልቤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንቱ ነበር የምላቸው።

ጓዳው ጠባብ ነው። በአንድ በኩል የማቀዝቀዣው ክፍል በር አለ፤ በሩ ሲከፈት በመንጠቆ የተሰቀሉት አሳማዎች ይታያሉ። የበግ ሥጋ ተሰቅሎ አይቻለሁ፣ የበሬም። አሳማ ግን ተላጭቶ ሲሰቀል ቆዳው የሰው ቆዳ ነው። ነፋሱ ሲነካቸው ቀስ ብለው ዞረው ያዩናል። ልጅ ሳለሁ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ አጋንንቱ ከሰውዬው ወጥተው ወደ እሪያዎቹ መንጋ እንደገቡ ሲነበብ ሰምቼ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ያ ሁሉ ተመለሰብኝ። እጄ ወደ ግንባሬ ሄደና መሃል ላይ አቆምኩት፤ ለእሪያ ምግብ ይማተባል? አይማተብም? አላወቅኩም። ሳላማትብ ጀመርኩ፣ እንደዚያው ቀጠልኩ።

ሚስስ ፔግ ያስተማሩኝን እነሆ። የቅመም ጠላቱ ውሃ ነው። ጠዋት ሲገቡ ቀለበታቸውን አውልቀው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ፤ አደራረቃቸው ደግሞ ጉድ ነው። በጣቶቻቸው መካከል፣ በጥፍራቸው ሥር ያብሱና ሁለቱንም እጆች ወደ ላይ ይዘው ቆመው ይጠብቃሉ። ቡናማው ስኳር እርጥበት ስላለው በወረቀት ላይ ተዘርግቶ ያድርና በወንፊት ይነፋል። ሻካራው ጨው ለብ ባለ ምድጃ ይደርቃል። ቁንዶ በርበሬው በሙቀጫ ይከካል እንጂ አይደቅም፤ የደቀቀ እንደሆነ እሳት ሲነካው ይመርራል። የማያቃጥለው ቀይ በርበሬ፣ የሰናፍጭ ዱቄት፣ የደረቀ ነጭ ሽንኩርት፣ የእንስላል ዘር ይከተላሉ። ሴጅ የሚባለውን የደረቀ ቅጠል በመዳፋቸው መካከል እያሹ ያወርዱታል። ሰለሪ የሚባለው አትክልት ዘር መጨረሻ ነው የሚገባው፤ ደቃቅ ስለሆነ ቀድሞ ከገባ ትሪው ሥር ይቀራል። እኔ መጀመሪያ ሳየው ነጭ አዝሙድ መስሎኝ ነበር፤ አሽትቼ ነው የለየሁት።

ሲያልቅ አንድ ጭብጥ ይጨብጡና መዳፋቸውን ይከፍታሉ። ቅመሙ ተጣብቆ ከቀረ እርጥብ ነው፣ ወደ ምድጃው ይመለሳል። ተበትኖ ከወረደ ደርሷል። ያን ጊዜ በቆርቆሮ ተከድኖ አንድ ቀን ይተኛል፤ ዓርብ ጠዋት ሬይ ቆዳው በተተለተለ ሥጋ ላይ ያሸዋል። እኔ ሥጋውን መቅመስ ስለማልችል የተቀቀለ ድንች ዘይት ቀብቼ ከቅመሙ እነሰንስበትና እቀምሳለሁ። ቅመሙ ራሱ እኮ የጾም ነው፣ ጨውና ቅጠል፣ ዘርና ስኳር። ሚስስ ፔግ ይህን በጣም ወደዱት።

«አስኪ፣ ድንችሽ ዛሬ ምን ይላል?»

«ሰናፍጩ አንሷል ይላል።»

ቀምሰው ራሳቸውን ይነቀንቁና ይጨምሩበታል። አንድ ጊዜ በድብቅ ሚዛን አምጥቼ የእፍኛቸውን ጨው መዘንኩ። በሳምንቱ ደገምኩ፣ በሌላውም ሳምንት። ሦስቱም ልክ አንድ ናቸው። መድኃኒት ቤት በሚዛን የሚሠሩ ሰዎች እንኳ እንዲህ አይሆንላቸውም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። ሲቀምሙ ደግሞ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ አንዲት ቃል አይተነፍሱም፤ ከማቀዝቀዣው ማጉረምረም በቀር ምንም አይሰማም።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። የምንቀምመው ሐሙስ ሐሙስ ነው። ሚስስ ፔግ ሌላውን ሁሉ ጨርሰው የሰለሪውን ዘር ጠርሙስ ከመክፈታቸው በፊት ቆም ይላሉ። ከትሪው ሁለት እፍኝ ያህል ወስደው በቡናማ ወረቀት ከረጢት ያደርጋሉ። የጓሮውን መስኮት ከፍተው ከረጢቱን ደፉ ላይ ያኖሩታል። ብርድም ሆነ ዝናብ መስኮቱ ክፍት ይቆያል። ከዚያ ተመልሰው የሰለሪውን ዘር ይጨምራሉ። ሥጋ ለማቀበል ወደ ሱቁ ወጥተን ስንመለስ ከረጢቱ የለም። የጓሮው የብረት በር ሁልጊዜ ቁልፍ ነው፤ ቁልፉም ከሬይ ወገብ አይለይም። ሰው ሲገባ ሲወጣ አይቼ አላውቅም።

አንድ ቀን አንገቴን ወደ መስኮቱ ስሰግግ አዩኝ።

«ተይው፣ የሱ ነው።»

«የማን?»

ወደ ሱቁ የሚያስገባውን በር አየት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«በዚህ ቤት ስሙ አይጠራም።»

ይህን ቃል የእኛ አገር ሰው ሲሰማ ምን እንደሚመጣበት አታጡትም። እኛ ሰፈር አንዲት ጎረቤት ነበረች። ከምታበስለው ሁሉ ቀድማ ቀንሳ ጓሮ ታኖራለች። ለማን ነው ስትባል «ስሙ አይጠራም» ነበር መልሷ። እናቴ ከዚያች ሴት ቤት እሳት እንኳ እንዳንጭር ከልክላን ነበር። እነሆ ባሕር ተሻግሬ፣ አሳማ በተሰቀለበት ጓዳ ውስጥ፣ ያንኑ ቃል ከአንዲት ፈረንጅ አሮጊት አፍ ሰማሁ። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ እጄን አሸተትኩት፤ የሰናፍጩ ሽታ አልለቅ አለኝ።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው።

«አባ፣ በምሠራበት ቤት ለመንፈስ ድርሻ ይቀነሳል። ልተወው ወይ ሥራውን?»

አባ ጺማቸውን እየነካኩ አዳመጡኝ። «ስሙ የማይጠራው ለምንድን ነው ብለሽ ጠየቅሻቸው?»

«አልጠየቅኩም፣ አባ።»

«ጠይቂ እንጂ፣ ልጄ። ሰው ይሁን መንፈስ ሳታውቂ እኔ ምን ልበልሽ?»

አልጠየቅኩም። ለመጠየቅ ፈራሁ፣ ከዚያም በላይ ሚስስ ፔግን ወደድኳቸውና መልሳቸው እንዳያስጠላኝ ሰጋሁ። ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። እሳቸው ከረጢቱን ያኖራሉ፣ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ቅጠል የሚረግፍበት ወራት ነበር፣ ሬይ ስልክ ደወለ። ሚስስ ፔግ ተኝተው አልነቁም። ከአገሬ ሰው ሌላ እንደዚያ አልቅሼለት የማውቅ ሰው የለም። ሬይም በስልኩ ውስጥ ሲያለቅስ ሰማሁት። ከዚያ አፍንጫውን ጠርጎ፣ «ቅመሙ እንግዲህ ያንቺ ነው፣ አስኪ። እንደሷ አድርጊው» አለኝ።

እንደሳቸው አደረግኩት፣ ከአንድ ነገር በቀር። ለዚያ ስሙ ለማይጠራው በእኔ እጅ ድርሻ አይወጣለትም አልኩ። ጸበል አምጥቼ ጓዳውን ረጨሁ፤ ቅመሙ ላይ ጠብ እንዳይል ግን ተጠንቅቄ ነው፣ ሙያዬን አልረሳሁም። መስኮቱን ዘጋሁና መቀርቀሪያውን ወረወርኩ። እውነቱን ልናገር፣ በራሴ ኮርቼ ነበር።

የመጀመሪያው ሐሙስ፣ የሰለሪውን ጠርሙስ ክዳን ስይዝ መስኮቱ ተንኳኳ። ሦስት ጊዜ፣ በጣት ጫፍ፣ ቀስ ብሎ። ሄጄ በመስታወቱ አየሁ። ጓሮው ባዶ ነው። የብረት በሩም ተዘግቷል። ርግብ ናት አልኩና ዘሩን ጨመርኩ።

ሁለተኛው ሐሙስ፣ ክዳኑን ስነካው፣ እንደገና ሦስት ጊዜ። ያን ቀን አልሄድኩም። ክዳኑ ከእጄ ወድቆ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። የማቀዝቀዣው በር ክፍት ነበርና አሳማዎቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረዋል። ነፋስ ነው ያዞራቸው፣ ሌላ ምን ይሆናል። ግን መስኮቱ ዝግ ነበር፣ ነፋሱ ከየት እንደመጣ አላውቅም።

ሦስተኛው ሐሙስ ክዳኑን ሳልነካው ተጀመረ። ትሪው ላይ ቅጠሉን እያሸሁ ሳለሁ ተንኳኳ፤ አሁን ቀስ ብሎ አይደለም፣ ቸኩሎ ነው። ሦስት፣ ከዚያ ዝም፣ እንደገና ሦስት። ቀና ስል መስታወቱ ላይ ከውጭ በኩል የእስትንፋስ ጉም ተጋግሯል፣ በአገጬ ልክ። ጉሙ ጠፋ፣ ተመለሰ፣ ጠፋ። ከሱቁ የሬይ ሳቅና የደንበኞች ወሬ ይሰማኛል፣ ረፋድ ነው፣ ፀሐይም አለ። በስመ አብ ብዬ በዚያ ቅመም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አማተብኩ፤ ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጥቼ የሰለሪውን ዘር እስከ መጨረሻው ገለበጥኩት። ማንኳኳቱ ቆመ። አሸነፍኩ ብዬ አሰብኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሱቁ ሞልቶ ሳለ አንድ ረጅም፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ቆቡን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ሬይ ቢላውን አስቀመጠ።

«ዴኒስ» አለ።

ይህን ስም በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን በዚያ ቤት ሰምቼው አላውቅም ነበር። ያን ጊዜም ምንም አልታየኝም። ሁለቱ ሰዎች ቆመው ተያዩ፣ ከዚያ ስለ ሚስስ ፔግ ማውራት ጀመሩና ሁለቱም ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ተጨባበጡ። ሬይ የታሸውን ሥጋ ሁሉ አገላብጦ ከትከሻው በኩል ደህናውን መረጠለት። «የፔግ ቅመም ነው፣ ለእሷ መታሰቢያ ብላው» አለው። በወረቀት ጠቅልዬ በእጁ የሰጠሁት እኔ ነኝ። አመስግኖኝ ሄደ።

ሰኞ ስገባ ሬይ የሱቁን መብራት ሳያበራ ተቀምጧል።

«ዴኒስ ሆስፒታል ነው። ጉሮሮው አብጦ ተዘጋ፣ በመሣሪያ ነው የሚተነፍሰው። ከልጅነቱ ጀምሮ ሰለሪ አይስማማውም፣ ይገድለዋል። ሐኪሞቹ ምን በላ ይሉኛል፤ ቅመሙ ውስጥ ሰለሪ የለም አይደል?»

«አለ፣ ዘሩ» አልኩት። «ሁልጊዜም አለ።»

«አይሆንም! ፔግ ቅመሙን በድብቅ ትሰጠው እንደነበር ቅዳሜ ራሱ ነግሮኛል። አሥር ዓመት ሙሉ በልቶታል፣ ምንም ሆኖ አያውቅም።»

የሰለሪው ዘር ሳይገባ የሚወጣው ከረጢት ዓይኔ ላይ ድቅን አለ። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እንግሊዝኛዬ ሁሉ ጠፋብኝ፤ በአማርኛ ወዬው፣ ወዬው ስል ሬይ ውሃ አመጣልኝ። ቀስ በቀስ ነገርኩት። እሱም ነገረኝ። ዴኒስ በዚያ ሱቅ ሥጋ ቆራጭ ነበር፤ የሬይ አባት ሲሞቱ ሥራውን ማን ይምራው በሚል ተጣሉና ሬይ «ስሙን በዚህ ቤት እንዳልሰማ» ብሎ አዘዘ። ሚስስ ፔግ ትእዛዙን አከበሩ፣ ስሙን አልጠሩም፤ ድርሻውን ግን በመስኮት ሰጡት። ዴኒስ በሥራ ዘመኑ የተሰጠውን የጓሮ በር ቁልፍ አልመለሰም ነበር። ከረጢቱ ሰለሪው ሳይገባ ለብቻው እንደሚወጣለት ግን ለእሱም አልነገሩትም፤ ቅመሙ ለሁሉም አንድ መስሎት በእምነት በላ።

«ለምን አልጠየቅሽኝም?» አለኝ ሬይ።

«ጋኔን መስሎኝ ነው።»

«እኔም አሥር ዓመት እንደዚያ ነው ያልኩት» አለና ስልኩን አንስቶ ለሐኪሞቹ ነገራቸው።

ዴኒስ ሁለት ቀን ከመሣሪያው አልተነሳም። እነዚያን ሁለት ቀናት እህል አልቀመስኩም፣ ወለሉን በግንባሬ ስነካ ዋልኩ። መንፈስ ነው ብዬ የራቅኩት ሰው ሆኖ፣ ያውም በእጄ ጠቅልዬ ሞቱን ሰጥቼው፣ ምን ብዬ እንደምጸልይ ጠፋኝ። በሦስተኛው ቀን ዓይኑን ገለጠ። አባ ሲሰሙ «ጠይቂ ብዬሽ ነበር» አላሉኝም፤ ባሉኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሆስፒታል ሲወጣ ሃክኒ ያለው ቤቱ ድረስ ሄድኩ። ድምፁ ገና እንደሻከረ ነበር። ሻይ አፈላልኝ። ሁሉንም ነገርኩት፣ ጸበሉንም ሳይቀር፤ ጋኔን መስሎኝ ነበር ስለው እስኪያስለው ሳቀ።

«ይቅር በለኝ» አልኩት። «ይቅር በለኝ፣ ስታንኳኳም አልከፈትኩልህም።»

«የት?»

«የጓሮውን መስኮት። ሦስት ሐሙስ።»

ሳቁ ቆመ። «እኔ አላንኳኳሁም።»

«ሦስት ሦስት ጊዜ አንኳኳህ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ፔግ ልትሞት ሰሞን እህቴ ታማብኝ ወደሷ ሄጃለሁ፣ ባሕሩ አጠገብ ነው የምትኖረው። የተመለስኩት ሥጋውን ከመውሰዴ በፊት በዋዜማው፣ ዓርብ ነው። መሞቷንም የሰማሁት ያን ዕለት ነው። የበሩ ቁልፍ ይኸው፣ ከኪሴ አልወጣም።» አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ደግሞ አንኳኩቼም አላውቅ። ክፍት አድርጋ ነበር የምትተውልኝ።»

እሱም ማን ይሆን ብሎ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። ሁለታችንም የገባን ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት በዚያ ጓዳ ሠራሁ፣ ሱቁ እስኪሸጥ ድረስ። ዴኒስ በፊት ለፊቱ በር እየገባ ድርሻውን ከእጄ ይቀበላል፣ ሬይ ስሙን እየጠራ ይቀልድበታል። እኔ ሐሙስ ሐሙስ፣ የሰለሪውን ዘር ከመጨመሬ በፊት፣ መስኮቱን ከፍቼ ጥቂት እቆማለሁ። ብርዱ ይገባል፣ ሬይ ይነጫነጫል። ዴኒስን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፣ ይቅርም ብሎኛል። ሚስስ ፔግ ግን ሦስት ጊዜ ድረስ መጥተው፣ አንድ ጊዜ እንኳ ማን ነው ሳልላቸው፣ አማትቤ መለስኳቸው። ተመልሰው አልመጡም።